ጥቆማ፦ የስቲምፓንክ ዕቃ ከደሴ ይሻላል ከኮምቦልቻ?

"ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የስቲምፓንክ ዕቃ የሚሸጥ አለ?" የሚል ጥያቄ አሁንም አሁንም ይመጣል። አጭሩ መልስ የለም ነው። ታፔላ ለጥፎ የሚሸጥ ሱቅ አታገኙም። ግን ባለሙያው አለ፣ ዕቃው አለ፣ ገበያው አለ። ምን ከማን እንደሚያዝ ማወቅ ነው የሚቀረው። እስቲ የማውቀውን ልጠቁም፤ የጎደለውን እናንተ ሙሉት።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ፦ ስቲምፓንክ ማለት ዓለም ከእንፋሎት ሞተር ሳትወጣ ብትቀር ምን ትመስል ነበር የሚል ምናብ ነው። ነሐስ፣ መዳብ፣ ቆዳ፣ ጥርስ ያለው ጎማ (ጊር፤ ከዚህ በኋላ ጥርስ የምለው)፣ ክብ መነጽር። መነሻው የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ነው፤ ስሙ የወጣለት ግን በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። "የፈረንጅ ነገር" ለሚላችሁ ደግሞ መልስ አላችሁ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው የቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ጋፋት ላይ ተሠርቶ በሰው ጉልበት መቅደላ ድረስ የተጎተተው በዚያው ዘመን ነው። መቅደላ ደግሞ እዚሁ ወሎ ነው። ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦርም ዙላ ላይ ሃዲድ ዘርግቶ በእንፋሎት ባቡር ነበር ስንቁን የሚያጓጉዘው። በምኒልክ ዘመን የመጣችውን፣ በእንፋሎት የምትሄደውን የሰርኪስን ባቡርማ ከአያቶቻችሁ ሳትሰሙ አትቀሩም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ዝግጁ ዕቃ ከውጭ አታስመጡ። አብዛኛው ወርቃማ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ላዩ ላይ የተለጠፈው ጥርስ ምንም አያዞርም። በዚያ ዋጋ እዚህ እውነተኛ ነሐስ ታስቆርጣላችሁ።

ከጌጣጌጥ እንጀምር፤ ሀብታም የሆንነው እዚያ ላይ ነውና።

ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ሰኞ ባቲ ወርዶ ከገበያ መፈለግ ነው። ሌላው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ወርቅና ብር ሠሪዎች ማሠራት ነው። ባቲ ዓይነቱ ይበዛል፤ አሮጌ አልቦ፣ ድሪ፣ የአንገት ብር፣ አንዳንዴ የማርያ ቴሬዛ ብር የተሰካበት ማተብ። መከራከር የማይሰለቸው ሰው ይሂድ። ደሴ ግን ሥዕል ይዛችሁ ሄዳችሁ "እንዲህ አድርጉልኝ" ማለት ትችላላችሁ። ለስቲምፓንክ እኔ ደሴን እመርጣለሁ። ምክንያቱም የምንፈልገው ነገር ቅይጥ ነው። የብር ቀለበት ላይ የሰዓት ጥርስ፣ ጉትቻ ላይ ትንሽ የነሐስ ብሎን። ይህን ገበያ ላይ ተሠርቶ አታገኙትም።

ባቲ ለምትሄዱ ሁለት ነገር። የማርያ ቴሬዛ ብር ላይ 1780 የሚል ዓመት አለ። ያ ማለት ሳንቲሙ የዚያ ዘመን ነው ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላም ሲመታ የኖረው ያንኑ ዓመት እንደያዘ ነው። ስለዚህ "ከ200 ዓመት በላይ ነው" ብሎ ዋጋ የሚሰቅልባችሁን ፈገግ ብላችሁ እለፉት። ትክክለኛው ሳንቲም 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከመቶ 83 እጁ ብር ነው። ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው። ማግኔት ይዘው የሚዞሩ ልጆች አሉ። ማግኔት ውስጡ ብረት የሆነውን ያጋልጣል እንጂ አልፓካን አይዝም። አልፓካ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ብር የሚባል ጠብታ የለውም። ቆዳችሁ ለኒኬል የሚቆጣ ከሆነ ደግሞ ጆሯችሁን ያሳክካችኋል። አሮጌ ሳንቲም እጃችሁ ከገባም አትብሱት። በቀለበት ከዳር አሲዙት፣ ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ሳንቲሙ እንዳለ ነው።

አዲስ ብር ያብረቀርቃል፤ እኛ ደግሞ የጠቆረ ነው የምንወደው። ለዚህ ኬሚካል አትግዙ። አንድ እንቁላል ጥንክር እስኪል ቀቅሉ። ትኩስ እያለ ለሁለት ክፈሉትና ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ አድርጉት። ብሩንም እንቁላሉን ሳይነካ አብራችሁ ክደኑት። ከእንቁላሉ የሚወጣው ድኝ ብሩን ቀስ እያለ ያጠቁረዋል። መጀመሪያ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ቡና ዓይነት፣ ብትተዉት ወደ ጥቁር ይሄዳል። የወደዳችሁት ላይ ስትደርሱ አውጥታችሁ በውሃ እጠቡትና በጨርቅ ወልውሉት። ከፍ ከፍ ያለው ቦታ ይነጣል፣ ጎድጓዳው ጥቁር ይቀራል። ሙሉ ቀን ከድናችሁ ከጠበቃችሁ ግን ልክ ከሰል ነው የሚመስለው። መዳብም ላይ ይሠራል። ነሐስ ማጽዳት ለፈለገ ደግሞ ሎሚና ጨው ይበቃል። ሲያልቅ በደንብ አለቅልቁት፣ አለዚያ አረንጓዴ ያወጣል።

አንዲት እህት "የሰዓት ጥርስ ከየት ላምጣ?" ብላ ጠይቃኛለች። ከሰዓት ጠጋኞች። መንገድ ዳር የመስታወት ሳጥን ይዘው የሚቀመጡት ማለቴ ነው። ብዙዎቹ የማይሠራ ሰዓት አይጥሉም፤ ለመለዋወጫ ያስቀምጡታል። አንድ ደሴ ላይ የማውቃቸው ጋሼ የክብሪት ቀፎ ሙሉ ጥርስ አላቸው። በትዊዘር አንድ በአንድ እያነሱ የትኛው የሲኮ፣ የትኛው የጠረጴዛ ሰዓት እንደሆነ ይነግሯችኋል። አክብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሻይ ጋብዙ። "ጋሼ፣ ለጌጥ ነው" ካላችሁ መጀመሪያ ይስቃሉ። ቀጥሎ ጥሩ ጥሩውን ይመርጡላችኋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩ፣ በጨለማ የሚያበሩ ሰዓቶች ቁጥራቸው በራዲየም የተቀባ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ባያበራ እንኳ ጨረሩ አለ። የእነዚያን ፊት አትክፈቱ፣ ቀለሙንም አትፋቁ።

ወደ ዕቃ እንሂድ። እዚህ ላይ ኮምቦልቻ ደሴን ታስከነዳለች።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ አሁን ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ። ፋብሪካ ባለበት ቶርኖ ቤት አለ፣ ብየዳ አለ፣ ውዳቂ ብረት አለ። ስለ እንፋሎት ማውራት ከፈለጋችሁም የቦይለር ቴክኒሻን ከአንዱ ቡና ቤት አታጡም። ደሴም ቶርኖ ቤት አለ፤ ግን ባብዛኛው የመኪና ሥራ ስለሚበዛበት ለእናንተ ትንሽ ኳስ የሚያህል እጀታ ጊዜ የለውም። "ነገ ና" ይበዛል። እኔ አንድ የመብራት እግር አሠራለሁ ብዬ ስንት ነገ እንደሄደ አልናገርም። ኮምቦልቻ ሥራው ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት ከሄዳችሁ ግን ልጁ ራሱ ይጓጓል። የነሐስ ዘንጉ ሲሽከረከር፣ ቢላው ሲነካው ፀጉር የመሰለ ወርቃማ ቅንጣቢ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ቅንጣቢውንም ለምኑት፤ ጌጥ ውስጥ ይገባል።

ስትሄዱ ልክ ያለው ሥዕል ያዙ፤ በሚሊሜትር። በአፍ "እንዲህ ዓይነት" ብሎ ማስረዳት የጠብ መጀመሪያ ነው። ነሐሱንም እናንተ ይዛችሁ ሂዱ። አሮጌ የቧንቧ ቫልቭ ከውዳቂ ብረት ገዢዎች በኪሎ ታገኛላችሁ። የማይሠራ የግፊት ጌጅ ካያችሁ ደግሞ አትለፉት። ፊቱን አውጥቶ የርካሽ ግድግዳ ሰዓት ሞተር ማስገባት ነው። ከሠራኋቸው ሁሉ ሰው "ሽጥልኝ" የሚለኝ እሱን ነው።

ደሴ ደግሞ በአሮጌ የቤት ዕቃ ትበልጣለች። የከሰል ካውያ፣ ፋኖስ፣ ማሾ፣ የእግር ሲንጀር። ሰው ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ ብዙ ነው። ከገበያ ይልቅ ጎረቤት መጠየቅ ያዋጣል። ማሾ ውስጥ የሚገባው አሮጌው መረብ ቶሪየም ሊኖረው ስለሚችል እሱን አውጥታችሁ ጣሉና በባትሪ የምትሠራ አምፖል አስገቡበት። መብራት ሲጠፋም ታገለግላችኋለች። ሲንጀርን ግን እባካችሁ አትፍቱ። የሚሰፋ ማሽን ለጌጥ ብሎ መበታተን ነውር ነው።

መነጽር የህንጻ መሣሪያ መደብር አለ። ሁለት ክብ መስታወት ያለው የብየዳ መነጽር ጠይቁ። ጎኑ የሚሽከረከር ከሆነ ጥቁሩን አውጥታችሁ ተራ መስታወት ታስገባላችሁ። ማሰሪያውን ጫማ ሰፊ በቆዳ ይቀይርላችኋል። ሰደርያና ኮት ከሰልባጅ። ስለ ልብስ ከዚህ በላይ የምለው የለም፤ የአባቶቻችን ሰደርያ ራሱ በቂ ነው።

ደግሞ አደራ፦ እውነተኛ እንፋሎት ለመሥራት ቆርቆሮ ዘግቶ እሳት ላይ መጣድ የለም። ይፈነዳል። ጭስ ከፈለጋችሁ ዕጣን አለ፣ ወሎ ላይ ዕጣን አይቸግርም።

ጌም። እዚህ ላይ ጌም ቤቶቹ ብዙ አይረዱንም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ገባ ብትሉ ኳስ ነው የሚጫወቱት። በሰዓት ከፍሎ የታሪክ ጌም መጫወትም አይሆንም፤ ሲጣፍጥ ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ በራሳችሁ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ነው።

ለጀማሪ ማሺናሪየምን እጠቁማለሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. የቼክ ልጆች የሠሩት ነው። ከዛገች ከተማ የተጣለ ትንሽ ሮቦት ተመልሶ ይገባል፣ ነገሩ ሁሉ እንቆቅልሽ ነው። ትልቁ ነገር ንግግር የለውም፤ ገጸ ባሕሪያቱ የሚያስቡትን በሥዕል ነው የሚያሳዩት። እንግሊዝኛ የማይችል ታናሽ ወንድም አብሯችሁ መፍታት ይችላል። አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል፣ ለስልክም ወጥቷል። ቆፈራ ለሚወድ ስቲምዎርልድ ዲግ አለ፤ እሱም ቀላል ነው። ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ያለው ፍሮስትፐንክን ይሞክር። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የፖላንድ ሥራ ነው። ዓለም ቀዝቅዛ አንድ ትልቅ የከሰል ማሞቂያ ዙሪያ ከተማ ትመሠርታላችሁ። ከሰሉ ካለቀ ሕዝቡ ያልቃል። ሐምሌ ላይ ደሴ ሆኖ መጫወት የተለየ ስሜት አለው። ዲስኦነርድ በዓሣ ነባሪ ዘይት የሚንቀሳቀስ ከተማ ነው፤ ሥዕሉ ድንቅ፣ ደሙ ብዙ። ለልጆች አይሆንም።

ፍላሽ ላይ ገልብጠው የሚሰጡ ቤቶች ርካሽ ናቸው። ከጌሙ ጋር ቫይረስ ምርቃት ነው። እኔን አንዱ ቤት ፎቶዎቼን ሁሉ አስበልቶኛል። ውጭ ዘመድ ያለው ከጫማ ይልቅ ጌም ያስገዛ።

መሰባሰብን በተመለከተ። ውጭ ትልልቅ ስብስቦች አሉ፤ የእንግሊዟ ሊንከንና የኒውዚላንዷ ኦማሩ በዚህ የታወቁ ናቸው። እኛ ጥቂት ሰዎች ነን፣ እሁድ ከሰዓት ቡና ላይ እንገናኛለን። ቦታ ስትመርጡ ልብሳችሁን አስቡ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮትና ቆዳ ታስለብሳለች። ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ናት፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከሰዓት መቀመጥ ራስን መቀቀል ነው። ግን ግቢ ያላቸው ሰፊ ቡና ቤቶች ያሉት ኮምቦልቻ ነው። የደሴዎቹ ጠባብ ናቸው፣ ኳስ ካለ ደግሞ መደማመጥ የለም። ስለዚህ የሥራ ቀን ኮምቦልቻ፣ የልብስ ቀን ደሴ ብለን ተስማምተናል። ፎቶ ለመነሳት የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ የሚያህል ቦታ የለም። መጀመሪያ አስፈቅዱ።

ለመጫወቻ የሻይ ፍልሚያን እጠቁማለሁ። እንግሊዞቹ ስብስብ ላይ የሚጫወቱት ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል። ብስኩታቸውን ትኩስ ሻይ ውስጥ ነክረው ዳኛው እስከ አምስት ይቆጥራል፣ ከዚያ ያወጣሉ። ሳይፈርስበት ዘግይቶ የጎረሰ አሸናፊ ነው። የፈረሰበት ወጣ። የኛ ሱቅ ብስኩት ስስ ስለሆነ ቶሎ ይሟሟል፤ ወፍራሙን ግዙ። ዳቦ ቆሎ ሞክረን ነበር፣ እስከ ማታ አይፈርስም።

የመጨረሻው፣ ከሁሉም በላይ። የሽጉጥ ቅርጽ ያለው ነገር አትሥሩ፣ አትያዙ። ውጭ ያሉት ያደርጉታል፤ እዚህ አሁን ባለንበት ሁኔታ የሚያስቅ አይደለም። ቧንቧና ሽቦ የተጠላለፈበት ዕቃም ይዛችሁ በኬላ ስታልፉ ፈታታችሁ በየብቻ ጠቅልሉት፣ ምን እንደሆነም ሳትጠየቁ ተናገሩ። የኔን ጌጅ አንድ ፈታሽ ገልብጦ ገላብጦ አይቶ "ሰዓቱ ግን ልክ ነው?" ብሎ መለሰልኝ።

አሁን የኔ ጥያቄ፦ መዳብ በእጁ የሚቀጠቅጥ ሰው ኮምቦልቻ ላይ የምታውቁ? ላሜራ ሳይሆን መዳብ። ካለ ጠቁሙኝ።