የዋልያዎቹ የምንጊዜም አምስት ምርጥ ተጫዋቾች፦ በምን መስፈርት እንምረጥ?

የሂርማታ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ፣ ኳስ ወዳዶች የምንሰበሰብበት ቡና ቤት ግድግዳ ላይ የብሔራዊ ቡድናችንን አምስት የምንጊዜም ምርጥ ተጫዋቾች የያዘ ሰሌዳ ሊሰቀል ነው። ስም መጥራቱ አያስቸግርም፤ ማወዳደሩ ላይ ነው የተያዝነው። ትልልቆቹ መንግሥቱ ወርቁና ሉቺያኖ ቫሳሎ ላይ ተከፍለዋል፤ ወጣቶቹ ሳላዲን ሰዒድን፣ ጌታነህ ከበደንና ሽመልስ በቀለን ያስቀድማሉ። ጅማ የተወለደው ይድነቃቸው ተሰማ ካልተካተተ ሰሌዳው አይሰቀልም ያሉም አሉ። የ1954ቱን አጥቂ ከ2005ቱ ጋር በምን ሚዛን ማስቀመጥ ይቻላል? የትኞቹ ጨዋታዎች ይቆጠሩ? ይድነቃቸውስ በተጫዋችነት ይገባል? ወረቀት ላይ ሊሰፍር የሚችል መልስ ነው የምፈልገው።

ሠንጠረዥ

ስም ከመጥራታችሁ በፊት መዝገብ ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ጎል አንድ መስመር ይኑረው፦ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ተጋጣሚው፣ ውድድሩ፣ ሜዳው፣ ደቂቃው፣ ጎሉ ከመግባቱ በፊት ውጤቱ ስንት ለስንት እንደነበር፣ በጨዋታ ይሁን በፍጹም ቅጣት ምት።

ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ የምለው ብዙ ክርክር የሚበላሸው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። አንዱ «2013» ሲል ደቡብ አፍሪካ ያዘጋጀችውን የአፍሪካ ዋንጫ ማለቱ ነው፤ ያ በእኛ 2005 ነው። ሌላው «2013» ሲል አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን የሰበረበትን የእኛን ዓመት ማለቱ ነው። የካሜሩኑ ዋንጫ ደግሞ ይብሳል፤ ስሙ «2021»፣ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ፣ በእኛ 2014 ዓ.ም.። አንድ ውድድር በሦስት ቁጥር ስለሚጠራ ያንኑ ጎል ሁለት ጊዜ መመዝገብ ቀላል ነው።

ውድድሮቹን በተመለከተ የአፍሪካ ዋንጫ፣ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያና የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዋናው ዓምድ ይሁኑ። ሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ) ለብቻው ይጻፍ። ቻንም ለብቻው፤ በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ የተፈቀደ ውድድር ስለሆነ ውጭ አገር የነበሩት ሳላዲንና ሽመልስ በዚያን ጊዜ ሊሰለፉበት አይችሉም። የቻንን ጎል ከዋናው ጋር ከደመራችሁ ከአገር ያልወጣውን ተጫዋች ሸለማችሁ፣ ወጥቶ የሠራውን ቀጣችሁ ማለት ነው። የወዳጅነት ጨዋታ ከነጭራሹ ይቅር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰኔ 2005 ቦትስዋናን ሜዳዋ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈን፣ ቅጣት ላይ የነበረ ተጫዋች በመሰለፉ ፊፋ ውጤቱን 3 ለ 0 ብሎ ገለበጠው። ሦስት ነጥብ ሄዷል፤ ሜዳ ላይ የገቡት ሁለት ጎሎች ግን ካስቆጠሯቸው ተጫዋቾች መዝገብ አይፋቁ። የምናወዳድረው ተጫዋቾችን ነው።

የ54ቱ ዋንጫ

መዝገቡን በትክክል ከሞላችሁት መንግሥቱ ወርቁ አንደኛ ይወጣል፤ ለዚህ ረጅም ስሌት አያስፈልግም። በአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ውድድሮች 10 ጎል አለው። በ1954ቱ ብቻ ሦስት አስቆጥሮ ከግብፁ ባዳዊ አብደል ፋታህ ጋር በእኩል ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል።

አሁን ደግሞ ከ1968ቱ (አዲስ አበባና ድሬዳዋ ካዘጋጁት) ወዲህ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ያስቆጠረችውን ሁሉ ቁጠሩ። በ1974 ሊቢያ ባዘጋጀችው ዜሮ። በ2005 አንድ፣ አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ። በ2014 ሁለት፣ ዳዋ ሆቴሳ ካሜሩን ላይ፣ ጌታነህ ከበደ ቡርኪና ፋሶ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት። በሦስት ውድድር፣ በዘጠኝ ጨዋታ፣ ሁሉም ተጫዋቾች ተደምረው ሦስት ጎል ነው። መንግሥቱ ብቻውን አሥር።

«ያኔ አራት ቡድን ነበር፣ ሁለት ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ ማንሳት ይቻል ነበር» የሚል መከራከሪያ ይመጣል። እውነት ነው፤ በ1949 እንዲያውም ደቡብ አፍሪካ በመታገዷ ያለ ግማሽ ፍጻሜ በቀጥታ ለፍጻሜ ደርሰን በግብፅ 4 ለ 0 ተሸንፈናል። ስለዚህ «ፍጻሜ ተጫውቷል» የሚለውን አትቁጠሩ። ጎል ግን ቁጠሩ፤ ፍጻሜ ላይ የቆመችው ግብፅ በፊት የተካሄዱትን ሁለቱንም ዋንጫዎች የወሰደች ናትና።

አምበል

ወንድሜ፣ ቁጥሩን አልክድም፤ የጎል ብዛት ብቻውን ከተመዘነ ግን አማካይ ሁሌም ይጎዳል። ጎሉ በጨዋታው ላይ ምን ለወጠ የሚለውም ይመዘን። የኔ ሐሳብ፦ ከሽንፈት ወደ አቻ ወይም ከአቻ ወደ መሪነት ያሸጋገረ ጎል 2 ነጥብ፣ ሌላው 1 ነጥብ።

ጥር 13 ቀን 1954 የተደረገውን ፍጻሜ ውሰዱ። ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ መራች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው አቻ አደረገ፣ 2 ነጥብ። ደቂቃ ሳይቆይ በ75ኛው ግብፅ እንደገና መራች። ሉቺያኖ በ84ኛው 2 ለ 2 አደረገ፣ 2 ነጥብ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው 3 ለ 2፣ እሱም 2 ነጥብ። የመንግሥቱ የ117ኛው ደቂቃ ጎል 4 ለ 2 አድርጎ ጨዋታውን ዘጋ፣ 1 ነጥብ። በዚህ ሚዛን በዚያ ቀን መንግሥቱ ከአራቱ ዝቅተኛው ነው፤ በድምሩ ግን አሁንም ከፍ ይላል፣ አልከራከርም። እኔ የምለው ልዩነቱ «አሥር ለምንም» የሚመስለውን ያህል አይሰፋም ነው። የ84ኛው ደቂቃ ጎል ባይኖር ተጨማሪ ሰዓት የለም፤ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለውም አምበሉ ሉቺያኖ ነው።

ስለ ሉቺያኖ «104 ጨዋታ፣ 99 ጎል» የሚል ቁጥር ይዞራል። ሰሌዳ ላይ አታስፍሩት። በእያንዳንዱ ጎል ቀንና ተጋጣሚ መጻፍ ካልቻላችሁ በሠንጠረዡ ዘዴ መስመር የሌለው ጎል ነው። ለማንም ተጫዋች ይህ ሕግ ይሥራ።

የሂርማታ ልጅ

ተመስገን፣ መልክ እየያዘ ነው። ፍጹም ቅጣት ምት በዚህ ሚዛን ስንት ያገኛል? ግማሽ እንስጠው?

አምበል

ግማሽ መስጠት የሳተውን በነፃ ይለቅቃል። በየትኛውም ሊግ ከአራት ፍጹም ቅጣት ምት ሦስቱ ገደማ ይገባሉ፤ ስለዚህ ያገባ 0.25 ይጨመርለት፣ የሳተ 0.75 ይቀነስበት። በ2005 ከዛምቢያ ጋር ሳላዲን ገና ባዶ ለባዶ ሳለን ያገኘውን ፍጹም ቅጣት ምት ግብ ጠባቂው መልሶበታል። መዝገቡ ይህን ካልያዘ ትክክለኛ አይደለም።

ቦዬ

ሳላዲንን በአንድ ምት ከሰሌዳው አታውርዱት። የአፍሪካ ዋንጫ ጎል ብቻ ከቆጠራችሁ 31 ዓመት በሩ ተዘግቶ የቆየበትን ትውልድ በሙሉ ትሰርዛላችሁ። ለዚያ ትውልድ በሩን መክፈቱ ራሱ ትልቁ ሥራ ነበር። ከሱዳን ጋር ውጪ 5 ለ 3 ተሸንፈን ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ስናሸንፍ ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ያለፍነው ከሜዳ ውጪ ባገባናቸው ሦስት ጎሎች ነው። የአዲስ አበባዎቹን ሁለት ጎሎች ያስቆጠሩት አዳነና ሳላዲን ናቸው። የአምበል ሚዛን ጎልን በአንድ ጨዋታ ውጤት ብቻ ስለሚያይ የአዳነን 1 ለ 0 ጎል 2 ነጥብ፣ የሳላዲንን 1 ነጥብ ይሰጣል። ግን በ1 ለ 0 አናልፍም ነበር፤ ያሳለፈን ሁለተኛው ነው። ስለዚህ በደርሶ መልስ ጨዋታ ውጤቱን በድምር አስሉ፤ ያኔ 2 ነጥቡ የሳላዲን ይሆናል።

አዳነ ደግሞ ሌላ ሚዛን ይገባዋል። ዛምቢያ የወቅቱ ሻምፒዮን ነበረች፤ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጥቷል፣ 1 ለ 0 እየተመራን ነበር። በአሥር ሰው በ65ኛው ደቂቃ አቻ ያደረገ ጎል ነው። እንዲህ ላለው ግማሽ ነጥብ ጨምሩለት።

ሜዳውን በሚመለከት «በሜዳ» የሚለው ዓምድ ለሁሉም ዘመን አንድ ትርጉም የለውም። የ1954ቱም የ2005ቱም ቡድን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ፣ በራሱ ደጋፊ ፊት ተጫውቷል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው በስም የእኛ ሜዳ ይባል እንጂ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ዳዋና ሽመልስ ያኔ ያገቧቸው ጎሎች ከሜዳ ውጪ በሚለው ዓምድ ይግቡ።

ደግሞ አምስት አጥቂና አማካይ መስቀል ልክ አይመስለኝም፤ ጎል እየቆጠርን ተከላካይ አናገኝም። አንዱን ቦታ ለኋላ ተጫዋች ያዙና በተሰለፈባቸው ዋና ጨዋታዎች በ90 ደቂቃ ስንት ጎል እንደገባብን አስሉ። ያለ ዋናው ግብ ጠባቂያቸው ዛምቢያን ሁለተኛውን አጋማሽ ሙሉ ያለ ጎል ያቆሙት የ2005 ተከላካዮች እዚያ ዓምድ ላይ ዋጋቸውን ያገኛሉ።

ሠንጠረዥ

የቦዬ የደርሶ መልስ ማስተካከያ ትክክል ነው፤ ይግባ። የአሥር ሰው ጭማሪውን ግን ተው፤ ለአንድ ጎል ብሎ ሕግ ማውጣት በር ይከፍታል።

የ54ቱ ዋንጫ

የይድነቃቸውን ጥያቄ ማንም አልነካውም፤ ለጅማ ሰዎች ደግሞ ዋናው ይሄ ነው። በአምስቱ ውስጥ አይግባ። ይህን የምለው አሳንሼው አይደለም። ይድነቃቸው ጅማ የተወለደው በ1914 ነው፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲካሄድ 1949 ነበር። በጉብዝናው ዘመን የተወዳደረበት የአፍሪካ መድረክ ገና አልተፈጠረም፣ ከፈጠሩትም አንዱ እሱ ነው። በ1954 ቡድኑን አሠልጥኗል፤ ከ1964 ጀምሮ እስካረፈበት 1979 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር። ይህን ሁሉ በተጫዋችነት ሚዛን ላይ ከጫናችሁት ሚዛኑ ተጫዋች መለካቱን ያቆማል። ለቅዱስ ጊዮርጊስ በ365 ጨዋታ 318 ጎል ተብሎ የሚጠቀስለትም የክለብ ቁጥር ነው። በዚሁ ሕግ፣ የጅማው ክለብ አባ ጅፋር በ2010 ዋንጫ ሲያነሳ በ23 ጎል የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነው ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢም ጅማ ሁሉ ቢወደው እዚህ አይገባም።

ሰሌዳውን ለሁለት ክፈሉት። ከላይ በሙሉ ስፋቱ ይድነቃቸው ለብቻው፤ ከስሙ ሥር «ጅማ ተወለደ፣ 1914 – ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ መሪ»። ከታች አምስቱ። እስካሁን በተባለው ሕግ እኔ መንግሥቱን፣ ሉቺያኖን፣ ሳላዲንንና አዳነን እጽፋለሁ፤ አምስተኛው ቦታ ለተከላካይ ነው፤ በደጉ ደበበና በአይናለም ኃይሉ መካከል በ90 ደቂቃ የገባባቸውን አስልታችሁ ወስኑ። በእያንዳንዱ ስም ሥር አንድ መስመር ብቻ፣ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር፣ ከጎኑ እ.ኤ.አ. በትንሽ ፊደል።