ነገ ጠዋት የርዕሳነ መምህራን ስልጠና አለ፣ ፍላሹ ግን አልከፍትም አለኝ!

ምክትል ርዕሰ መምህሯ፣ ጅማ (ሐሙስ ማታ 1፡20)
በናታችሁ ድረሱልኝ። ነገ 2፡30 ይጀመራል። ፍላሹ ውስጥ ያለው ሁሉ አልከፍትም አለ። ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክቼው ነበር፣ ያኔ ደህና ነበር። አሰልጣኙ ታሞ ቀርቷል፣ «አንቺው አቅርቢው» ብሎ ነው የሰጠኝ። ስልኩን አያነሳም። 86 ስላይድ ነው። ሰው ሁሉ ተጠርቷል። ምን ይሻለኛል?

የአጂፕ ልጅ (1፡23)
ፎርማት አድርጊው። ይለቃል።

ቡና ጠጪው (1፡25)
አበል አለው? ካለው እኔም ከነገ ጀምሮ ርዕሰ መምህር ነኝ።

ጡረተኛው ሱፐርቫይዘር (1፡34)
ልጄ፣ መጀመሪያ ስልጠናው ለምን እንደሚሰጥ እንይ። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አስተዳደሩ ያልተማከለ ይሁን አለ። ሥራው ወደ ወረዳና ወደ ትምህርት ቤት ወረደ። ርዕሰ መምህሩ ግን ደብዳቤ ፈራሚ ሆኖ ቀረ። ከዚያ የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም መጣ። አራት ዐቢይ ጉዳዮች አሉት፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። እነዚህን ሳትለዪ ስላይድ ብትከፍቺም ባትከፍቺም ያው ነው። በእኛ ጊዜ ፍላሽ አልነበረም፣ ጠመኔ ነበር። ጠመኔ ቫይረስ አይዘውም።

ምክትሏ (1፡37)
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን እኔ አሁን የቸገረኝ ፍላሹ ነው።

ኮምፒውተር ጠጋኙ (1፡39)
እህቴ፣ «አልከፍት አለ» ብቻ አይበቃም። ሲከፈት ምን ይታያል? ፎልደሮቹ ላይ ትንሽ ቀስት አለ?

ምክትሏ (1፡41)
አዎ! ሁሉም ላይ ቀስት አለ። ስከፍተው ጥቁር ነገር ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

የአጂፕ ልጅ (1፡42)
አልኩሽ እኮ፣ ፎርማት።

ኮምፒውተር ጠጋኙ (1፡46)
ኧረ ፎርማት እንዳታደርጊ፣ ያለውን ሁሉ ያጠፋዋል! ፋይሉ አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚለቀመው የሾርትከት ቫይረስ ነው። ቀስት ያለበትን ሁለተኛ አትንኪው፣ በከፈትሽው ቁጥር ላፕቶፕሽም ላይ ይገባል። ፍላሹን ክፈቺና ከላይ «ቪው» በይ፣ «ሂድን አይተምስ» ላይ ምልክት አድርጊ። ካልታየሽ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ምልክት አንሺ። ብዙ ጊዜ ስም የሌለው ፎልደር ብቅ ይላል፣ ዕቃሽ እዚያ ውስጥ ነው። የምትፈልጊውን ብቻ ኮፒ አድርጊ። በአንቲቫይረስ አስፈትሺው። ፍላሹን ፎርማት የምታደርጊው ከዚያ በኋላ ነው።

ቡና ጠጪው (1፡48)
86 ስላይድ? ቫይረሱ እኮ ለሰልጣኞቹ አዝኖ ነው።

የሒሳብ መምህሩ (1፡55)
እኔ አንድ ልናገር። ስልጠናው ራሱ ለምን አስፈለገ? በየክረምቱ እንሰለጥናለን። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ነበር። አለቆቻችን ሳይሰለጥኑ ቀርተው ነው? የጎደለን መጽሐፍና ወንበር ነው። ገንዘቡን ለዚያ ያውሉት።

ምክትሏ (1፡59)
ወንድሜ፣ መጽሐፉ ላይ ልክ ነህ። ግን እኔ በዓይኔ ያየሁት፣ መጽሐፍ መጥቶ እስከ ጥር ስቶር ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ቁልፉ የማን እንደነበር ተወው። እሱ የአመራር ጉዳይ አይደለም?

ጡረተኛው ሱፐርቫይዘር (2፡03)
ደግ ብለሻል። የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽን እንኳ ሲመዝን እንደ መጽሐፍና ወንበር ላለው ግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 በመቶ ነው የሚሰጠው። ግብዓት ብቻውን የትም አያደርስም። እኔ በነበርኩበት ጉድኝት ማዕከል፣ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በሚሰባሰቡበት፣ አንድ ጊዜ...

ኮምፒውተር ጠጋኙ (2፡04)
ጋሼ፣ ይቅርታ። እህቴ፣ ታየሽ?

ከአጋሮ መንገድ (2፡12)
እኔ ርዕሰ መምህር ነኝ። እንዲህ ዓይነት ስልጠና ብዙ ተቀምጬበታለሁ፣ ሁለቴም ሰጥቻለሁ። ፋይሉ ቢገኝም 86ቱን አታቅርቢ። ከምሳ በኋላ ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ አቴንዳንስ ፈርሞ ይወጣል።

አርብ ስለሆነ ተማሪ አለ፣ ተጠቀሚበት። ፈቃደኛ መምህር ጠዋቱኑ ለምኚ። ሰልጣኞቹ ክፍል ገብተው አንዱን ትምህርት 20 ደቂቃ ይዩ። ሁሉም በአንድ የክፍል ምልከታ ቅጽ ነጥብ ይስጡ፣ ሳይነጋገሩ። ስትመለሱ ነጥቡን ሰሌዳ ላይ ጻፊው። እኛ ጋ ለአንዱ መምህር አንዱ 4 ሰጠው፣ ሌላው 2። አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። «ጥሩ ትምህርት» ስንል አንድ ነገር ማለታችን እንዳልነበር ያን ቀን ነው የገባኝ። የትኛውም ስላይድ ያንን አላሳየኝም።

ከዚያ ግብረ መልስ አለማምጃቸው። አንዱ መምህር ይሁን፣ አንዱ አለቃ። አለቃው መጀመሪያ ይጠይቅ እንጂ አይፍረድ። ይሄ ለኛ ሰው ከባድ ነው፣ አንቺም ታዪዋለሽ።

ሌላው፣ ሰውን በማዕረግ አታስቀምጪ። የአንድ ትምህርት ቤት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሁኑ፦ ርዕሰ መምህሩ፣ ምክትሉ፣ የዲፓርትመንት ኃላፊዎቹ፣ የወላጅ መምህር ኅብረት ሰብሳቢው። ርዕሰ መምህሩ በመጨረሻ ይናገር። እሱ ከጀመረ ሌላው «እሳቸው እንዳሉት» ብሎ ይቀመጣል። በአፋን ኦሮሞ መናገር የሚቀናው በአፋን ኦሮሞ ይናገር። በእንግሊዝኛ ስላይድ ሆድን ገልጦ የሚያወራ አላየሁም።

የቤት ሥራ ስጪ፣ ግን አንድ ብቻ። ማርክ ሊስትና ስም መጥሪያ ይዘው ይምጡ። ከዚያ አንድ ችግር ይምረጡ። ለምሳሌ «7ኛ ቢ ሰኞ ሰኞ ለምን ይቀራል?» ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ብለው ይጻፉ። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ትምህርት ቤት ሌላውን ሄዶ ይይ። ይሄኛው ከሌለ ነገሩ ሁሉ የሻይ ግብዣ ነው።

የሒሳብ መምህሩ (2፡17)
ይሄንንስ እኔም እሰለጥነዋለሁ። ግን መጽሐፉን አልተውኩትም።

ቡና ጠጪው (2፡18)
የአበሉን ጥያቄ ሁላችሁም አለፋችሁት።

ምክትሏ (2፡26)
ታየኝ!!! ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ነበር። ጠጋኙ፣ እድሜህ ይርዘም። ኮፒ እያደረግኩ ነው። የአጋሮው፣ ያልከውን እየጻፍኩት ነው። ግን ሰው 40 ነው፣ አንድ ክፍል ውስጥ እንዴት ይገባል?

ከአጋሮ መንገድ (2፡28)
40 ሰው አስገብተሽማ ልጆቹን ታስደነግጫለሽ። በአንድ ክፍል ከአምስት ሰው አይብለጥ። ስምንት ክፍል ያስፈልግሻል። ለመምህራኑ ዛሬውኑ ደውዪ። «ልንገመግምህ ነው» እንዳትዪ፣ «ልንማርብህ ነው» በዪ።

ምክትሏ (2፡31)
ኧረ መብራት ሄደ። ዝናቡ ሲጀምር ፈርቼ ነበር። ላፕቶፑ 11 በመቶ ነው ያለው። ቻርት ወረቀት በዚህ ሰዓት እዚህ ጅማ መርካቶ ይገኛል?

የአጂፕ ልጅ (2፡33)
ሁሉም ዘግቷል። የካላንደር ጀርባ ተጠቀሚ፣ ባለፈው ዓመት ካላንደር ከየቤቱ አይጠፋም። እኔ ጋ ሁለት አለ፣ ጠዋት በባጃጅ አደርስልሻለሁ።

ጡረተኛው ሱፐርቫይዘር (2፡40)
ጠመኔ ብዬ ነበር።

ኮምፒውተር ጠጋኙ (ቅዳሜ 4፡05)
እህቴ፣ እንዴት ሆነ? ፍላሹን ፎርማት አደረግሽው? ላፕቶፑንም አስፈትሺ።

ከአጋሮ መንገድ (ቅዳሜ 6፡50)
ስምንት መምህር ተገኘ?

ቡና ጠጪው (ሰኞ 3፡10)
ዝም ካለች አበል ተከፍሏል ማለት ነው።