ሳይክላመኔ ቅጠሉ እየረገፈ ነው፤ ሞቶ ነው ወይስ ተኝቶ?

የኮምቦልቻዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለበዓል ሳይክላመን መጥቶልኝ ነበር። ቅጠሉ ላይ ብርማ ዥንጉርጉር ያለው፣ ሮዝ አበባው ወደ ኋላ የታጠፈ። ሳሎን መስኮት ሥር ነው፤ የከሰዓት ፀሐይ ያገኘዋል። ጠዋት ጠዋት አጠጣዋለሁ። ሚያዝያ ከገባ ወዲህ ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ዝልፍልፍ ይላል። ደሴ ያለችው እህቴ ተመሳሳይ አላት፤ የሷ እንዳበበ ነው። ልጣለው?

ጦሳ ሥር፦ ኧረ አትጣይው! ድንች የሚመስለውን ሥሩን በአውራ ጣትሽ ጫን በይው። ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው፣ ሙቀቱን ሸሽቶ ሊተኛ ነው። ከለሰለሰና ከሸተተ ግን በስብሷል። ያኔ አብሽሪ፣ ሌላ ትገዣለሽ።

ሐረጎ ማዶ፦ ነገሩ ሙቀት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ሳይክላመን የሚመቸው ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ነው። አገሩ ቱርክ፣ ሶርያና ሊባኖስ አካባቢ ነው። እዚያ ዝናብና ብርድ አብረው ይመጣሉ፤ ሙቀቱ ሲገባ ዝናቡ የለም። ስለዚህ በብርድ ያብባል፣ በሙቀት ይተኛል። ከዚያ መስኮት አንሺውና የቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ውሰጂው። ብርሃን ይፈልጋል፣ የከሰዓት ፀሐይ ግን አይችልም።

ቧንቧ ውሃ፦ ሙቀቱ ብቻ አይመስለኝም። በየጠዋቱ ውሃ? እሱም አለበት! አፈሩን በጣትሽ ነክተሽ ላዩ ሲደርቅ ብቻ አጠጪ። ያውም ከላይ አትድፊበት። ሳህን ላይ ውሃ አድርገሽ ማሰሮውን አስቀምጪበት፤ 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ የተረፈውን ድፊ። ውሃ መሃሉ ላይ ካቆረ ግራጫ ሻጋታ ያመጣል። የሞተውን ቅጠልም በመቀስ አትቁረጪ። ዘንጉን ከሥሩ ይዘሽ ጠምዘዝ አድርጊና ሳብ። ጉቶ ከቀረ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የኮምቦልቻዋ፦ ጫንኩት፣ ድንጋይ ነው። አልሐምዱሊላህ! ታዲያ እስከ መቼ ይተኛል?

እትዬ፦ ልጄ፣ ቅጠሉ ሲያልቅ ጥላና ነፋሻ ቦታ አድርጊው። ሥሩ እንዳይጨማደድ አልፎ አልፎ ጠብ ታደርጊለታለሽ፣ በቃ። ትልቁ ጣጣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። የፈረንጆቹ ምክር ያን ጊዜ በደረቁ ይተኛ ይላል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ዶፉ ያን ጊዜ ነው። በረንዳ ላይ ከረሳሽው ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ ጉድ ያደርገዋል። ጣሪያ ሥር ይሁን።

መስከረም አካባቢ ቡቃያ ብቅ ሲል አፈሩን ቀይሪለት። ዋልካ እንዳታደርጊ፣ ውሃ ይይዛል። ቀይ አፈር፣ በደንብ የተብላላ ፍግና አሸዋ ቀላቅዪ። ሥሩን ሙሉ በሙሉ አትቅበሪው፤ ግማሹ ከአፈር በላይ ይታይ። ማሰሮውም ሰፊ አይሁን፣ ከሥሩ ዳር ሁለት ሦስት ጣት ካለ ይበቃዋል።

የኮምቦልቻዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። በረንዳው ግን የጎረቤት ድመት መፈንጫ ነው፤ ችግር አለው?

ጦሳ ሥር፦ አለው እንጂ! ተክሉ ለድመትም ለውሻም መርዝ ነው፣ ሥሩ ደግሞ ይብሳል። ቁም ሳጥን ላይ ስቀይው፤ ተኝቶ ሳለ ብርሃን አይፈልግም።