ከአባቴ የወረስናትን ቮልስ ዋገን በግቢያችን ለመጠገን ከየት እንጀምር?

የመምህሩ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ባለፈው ዓመት ሲያርፍ ለእኔና ለወንድሜ ከተወልን ንብረት አንዷ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 የተሠራች ባለ 1200 ሞተር ቮልስ ዋገን ናት። መምህር ሳለ ያገለገለች ገዝቶ ለብዙ ዘመን ነዳት፤ ዓይኑ ሲደክም ግን ከግቢያችን ጥግ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አቆማት። ከቆመች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። እናቴ ፕላስቲክ ሸራ አልብሳት ስለኖረች ከውጭ ለሚያያት ደህና ትመስላለች፤ ሰማያዊ ቀለሟ ደብዝዟል፣ ጎማዎቿ ተኝተዋል፣ የኋላ ወንበሯም ላይ ዶሮ ስትታቀፍ እንደኖረች ከገለባው ያስታውቃል።

ወንድሜ በቅድሚያ ላሜራዋ ተስተካክሎ ቀይ ቀለም እንድትቀባ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ሞተሯ መነሣት አለመነሣቱን ሳናውቅ ለቀለም ገንዘብ ማውጣቱ አልታየኝም። አዲስ ባትሪ ገዝተን ልናስነሣት ስንሰናዳ አንድ ጎረቤታችን አስቆመን። እኔ ብየዳ ተምሬያለሁ፤ ሞተር ግን ፈትቼ አላውቅም። ሥራውን በተቻለ መጠን እዚሁ ቤታችን ልንሠራው ስለምንፈልግ፣ ከየት መጀመር እንዳለብን፣ እንዲሁም ባለ 6 ቮልት የሆነውን የኤሌክትሪክ መስመሯን ወደ 12 መለወጥ ይገባን እንደሆነ ብታስረዱን ትልቅ ውለታ ነው።

ጡረተኛው መካኒክ፣ ቡሬ

ነፍሳቸውን ይማር። ያስቆማችሁን ጎረቤት አመስግኑት። ይህን ያህል ዘመን በቆመ ሞተር ውስጥ የፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን የሚከበው የብረት ቀለበት) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ሊያያዝ ስለሚችል፣ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ኃይል በድንገት ቢዞር ፋሻው ይሰበራል ወይም ሲሊንደሩ ይቧጨራል። አራቱንም ካንዴላዎች ፈትታችሁ በየቀዳዳው ጥቂት ቀጭን ዘይት ጨምሩና ሦስት አራት ቀን ተዉት። ከዚያ በኋላ በዲናሞው ፑሌጃ (ቺንጋው፣ ማለትም ቀበቶው፣ በሚዞርበት መዘውር) ላይ ባለው ዳዶ 21 ቁጥር መፍቻ አስገብታችሁ፣ ቺንጋውን በእጃችሁ ጫን ብላችሁ፣ በቀስታ ለማዞር ሞክሩ። እምቢ ካለ አትታገሉት፤ ዘይት ጨምራችሁ ጠብቁት።

ሞተሩ ከዞረ ዘይቱን አውርዱ። የሚይዘው ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ እንደ ዛሬ መኪኖች የሚጣል ፊልትሮም የለውም፣ ከሆዱ ሥር በክብ ክዳን የተያዘ የሽቦ ወንፊት እንጂ። ያን ወንፊት አውጥታችሁ በነጭ ጨርቅ ላይ አራግፉት። ጥቁር አተላ ብቻ ከሆነ ታጥቦ ይመለሳል፤ የሚያብረቀርቅ የብረት ፍርፋሪ ከታየበት ግን ሞተሩ መከፈት አለበት፣ ያኔ ብቻችሁን አትግቡበት።

ስለ ዶሮዋ የጻፋችሁት እንደ ቀልድ ሊታይ ይችላል፤ እኔን ግን አሳስቦኛል። ዶሮ ገለባ ካገኘች አይጥም ገለባ አግኝታለች። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን፣ ከዲናሞው ጋር በአንድ ቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ በላሜራ ሽፋኑ ውስጥ በሚገፋው አየር ነው። አይጥ በዚያ ሽፋን ውስጥ ጎጆ ሠርታ ከሆነ ከሲሊንደሮቹ አንዱ አየር ሳያገኝ ይነድዳል፤ በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር በዘመኑ አሠራር የዘይት ማቀዝቀዣው ከበላዩ ስለተቀመጠ በደህናው ጊዜም ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። ሽፋኑ ተነሥቶ ሳይጸዳ ሞተሩ አይነሣ። ወደፊት ስትነዷትም ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ «ባትሪ ነው፣ ቤት እስክደርስ ይቆየኝ» አይባልም፤ ቺንጋው ተበጥሶ ማራገቢያውም ቆሞ ሊሆን ይችላልና ወዲያው አጥፍቶ መውረድ ነው።

የቤንዚን የጎማ ቱቦዎቹን አንድም ሳታስቀሩ ለውጡ። በካርቡራተሩ አጠገብ ያለው ቱቦ ቢሰነጠቅ ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው በጋለ ሞተር ላይ ነው፤ በሥራ ዘመኔ ሁለት ቮልሶች በዚሁ ምክንያት ሲነድዱ አይቻለሁ። ከፊት ያለውን ባለ 40 ሊትር የቤንዚን ማጠራቀሚያም አውርዳችሁ እጠቡት፤ የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡራተሩን ቀዳዳዎች ይደፍናል። የፑንቲናው (እየተከፈተና እየተዘጋ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሣው) ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ወለል አንጻር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ ካንዴላውም ጥላሸት ቢይዝ፣ ፋሻው አልቋል ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ቤንዚኑ ለዚህ አየር በዝቶ እንደሆነ አስመርምሩ።

ላሜራ ሠሪው፣ ፍኖተ ሰላም

ስለ ሞተሩ የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ከሞተር ይጀመር የሚለውን ግን አልቀበልም። የዚህች መኪና ሞተር በአራት ቡሎን የተያዘ ስለሆነ በክሪክና በሁለት ሰው ወርዶ ሌላ ሊተካ ይችላል። ቮልስን የሚገድላት የወለሏ መበስበስ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ የኋላ ወንበሩን አንሥታችሁ በቀኝ በኩል ባትሪው የሚቀመጥበትን ሥፍራ በካቻቢቴ ጫፍ ውጉት። የባትሪ አሲድ ለዓመታት የፈሰሰበት ወለል ቀለሙ ደህና መስሎ እንደ ኩበት ይፈረፈራል። ከዚያ በበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚያልፉትን፣ ሙቅ አየር የሚሄድባቸውን ክፍት ብረቶች መርምሩ፤ የቤቱን ክብደት የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው።

ሁለቱም ከበሰበሱ በአንድ ጊዜ አትቁረጧቸው። በሩ እንደተገጠመ፣ የበሩን ክፍት በብረት ቱቦ ወጥራችሁ፣ አንዱን ጎን ጨርሳችሁ በሩ ሳይታከክ መዘጋቱን ካያችሁ በኋላ ወደ ሌላው እለፉ። ይህን ባለማድረጉ ቤቱ ከመሐል የሰረገደበት፣ በሩም እስከ ዛሬ በገመድ የሚታሰር መኪና አውቃለሁ። ከመበየዳችሁ በፊት ባትሪውንና ወንበሮቹን አውጡ፤ የወንበሩ ሙሌት የኮኮናት ቃጫ ስለሆነ ብልጭታ ይበቃዋል። በዚሁ አጋጣሚ የባትሪው መክደኛ መኖሩን ተመልከቱ፤ ከሌለ ከባድ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፎች አገናኝቶ እሳት ያስነሣል።

እናታችሁ ያለበሷት ፕላስቲክ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ከዝናቡ ይልቅ ጎድቷት ሊሆን ይችላል። ከመሬት የሚነሣው የክረምት እርጥበት መውጫ አጥቶ እዚያው ይመለሳልና። ብየዳውን በበጋ ጨርሳችሁ የተበየደውን በዚያው ቀን አንቲሩጂን (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ቀቡት፤ ሰኔ ከገባ በኋላ የተገለጠ ብረት በአንድ ሌሊት ይዝጋል። ለወንድምዎ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ፦ አሁን የሚቀባ ቀይ ቀለም የሚያርፈው በስቱኮ ላይ ነው፣ ስቱኮውም የሚያርፈው በዝገት ላይ። እንደ እኔማ ቢሆን ሰማያዊው ቀለም በሰም ታሽቶ ይቆይ ነበር፤ ግን የእኔ መኪና አይደለችም።

ባሕር ዳር ነዋሪ

ሁለቱ ባለሙያዎች ያላነሡትን ልጨምር። ገንዘብ ከማፍሰሳችሁ በፊት ሊብሬውን ከመኪናዋ ጋር አመሳክሩ። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበሩ ሥር፣ በመሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተቀርጿል፤ በእውነት የ1965 ሞዴል ከሆነች ዘጠኝ አኃዝ ኖሮት በ115 መጀመር አለበት። የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ነው። ሊብሬው በአባታችሁ ስም እስካለ ድረስ ባለቤትነቱን ለማዛወር የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋችኋል፤ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 996 መሠረት ይህን ከፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል። እናታችሁ በሕይወት ስላሉ የእርሳቸውም የጋራ ንብረት ድርሻ እንዳለ አትዘንጉ።

ስለ 6 ቮልቱ፣ አትቸኩሉ። ለውጡ አምፖሎቹን፣ ቦቢናውን (ለካንዴላው ኃይል የሚያበዛውን)፣ ዲናሞውን፣ የዝናብ መጥረጊያውን ሞተር ሁሉ ይነካል። መብራቱ ፈዘዘ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የሽቦው ማያያዣና ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ስለዛገ ነው። እነዚያን አጽድታችሁ ባለ 6 ቮልት ባትሪ ማግኘት ካቃታችሁ ያኔ ለውጡ።

ከሁሉም በላይ ግን ፍሬኑ። በዚያ ዘመን የተሠራችው ቮልስ ለአራቱም እግር የፍሬን ዘይት የምታደርሰው በአንድ መስመር ነው፤ አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ይጠፋሉ። የጎማ ቱቦዎቹ፣ በየእግሩ ያሉት ጎሚኒዎች (ዘይቱን የሚያግዱት ትናንሽ ጎማዎች) እና የፍሬን ሸራዎቹ ሳይታደሱ ከግቢ አትውጡ። ዕቃ ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መሄዳችሁ ባይቀርም በአውቶቡስ ሂዱ። ከደጀን ወደ ዓባይ የሚወርደው ቁልቁለት እንኳን ለቆየ፣ ለአዲስ ፍሬንም ፈተና ነው።

የመምህሩ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ከባትሪው ሥር ካቻቢቴው እስከ እጀታው ዘለቀ፤ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ሆኗል። የግራው ጎን ድምፁ ጠንካራ ነው፣ የቀኙ ግን ከፊተኛው ጫፍ ተበልቷል። ከማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ግማሽ ማዳበሪያ ገለባ፣ የአባቴን የፈተና ወረቀት ቁርጥራጭ ጭምር አወጣን። ሞተሩ በአምስተኛው ቀን ሩብ ዙር ያህል ተንቀሳቅሶ ቆመ፤ ዘይት ጨምረን በስምንተኛው ቀን ሙሉ ዞረ። በወንፊቱ ላይ አተላ እንጂ ብረት አላየንም።

የሻንሲ ቁጥሩ በ115 ይጀምራል፤ በሊብሬው ላይ ግን የመጨረሻው አኃዝ ከተቀረጸው ይለያል። ሲገለበጥ የተፈጠረ ስሕተት ይመስለኛል። ሰኞ ይዘነው ወደ ትራንስፖርት ቢሮ እንሄዳለን፤ እስከዚያ ምንም አንቆርጥም። ወንድሜ የቀለሙን ነገር እስከ መስከረም አቆይቶታል፤ እናቴ የፕላስቲኩን ጉዳይ ስነግራት «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገራችሁኝም?» ብላ እኛኑ ተቆጣችን።