የገና ዛፍ የልጆች መጽሐፍ ጀምሬ መሀል ላይ ቆሜያለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ለ5 አመት ልጄ በአማርኛ የስዕል መጽሐፍ እየጻፍኩላት ነበር ግን ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ገጽ 19 ላይ ተገትሬያለሁ። ታሪኩ እንዲህ ነው፣ ዲሴምበር 25 ካለፈ በኋላ ፈረንጆቹ ዛፋቸውን አውጥተው መንገድ ዳር ይጥሉታል አይደል፣ የኛ ገና ደግሞ ታህሳስ 29 ማለት ጃንዋሪ 7 ስለሆነ አንዲት ልጅ የተጣለውን ዛፍ አይታ "የኛ ገና እኮ ገና ነው!" ብላ እየጎተተች ቤት ታስገባዋለች። (እቺን ስጽፍ ብቻዬን ነው የሳቅኩት)

እስከዚህ አሪፍ ነው። ከዛ ግን ዛፉ የተቆረጠ ስለሆነ መድረቁ አይቀርም፣ ቅጠሉም ይረግፋል፣ ታዲያ መጨረሻው ምን ይሁን? መልሰው ተከሉት እንዳልል ስር የለውም፣ ልጄ ደግሞ እንዲህ አይነት ውሸት ቶሎ ነው የምትይዘው። እማዬን አዲስ አበባ ደውዬ ብጠይቃት "ማገዶ አድርጊውና ቡና አፍሊበት" አለችኝ፣ እውነቷን ነው ግን ለህጻን ልጅ እንዴት ተብሎ ይጻፋል?

ሌላው ስሙ ነው። ጥድ ስል ለኔ የሚመጣልኝ የሀበሻ ጥድ ነው፣ እዚህ የሚሸጠው ሌላ ዘር ነው። ጥድ ብዬ ልለፈው ወይስ ዝም ብዬ "የገና ዛፍ" እያልኩ ልቀጥል? የልጆች ነገር የምትጽፉ ወይ አስተማሪ የሆናችሁ እባካችሁ ሀሳብ ስጡኝ፣ ከበአሉ በፊት ማንበብ አለብን 🙏