የጌም ኮንሶሎችን በምን መለኪያ ላወዳድር?

ለታናሽ ወንድሜና ለጓደኞቹ የቪዲዮ ጌም ኮንሶሎችን ታሪክ የሚያስረዳ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ሳለ፣ ተፎካካሪዎቹን በየትኛው መለኪያ ማወዳደር እንዳለብኝ መወሰን ስላቃተኝ፣ ዕውቀቱ ያላችሁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ የመረጥሁት የፕሮሰሰሩን (የማሽኑን ስሌት የሚሠራውን ክፍል) ፍጥነት ነበር። የሴጋ ሜጋ ድራይቭ ፕሮሰሰር 7.6 ሜጋኸርዝ ገደማ፣ የሱፐር ኒንቴንዶ ደግሞ ቢበዛ 3.58 ሜጋኸርዝ ነው፤ ይሁን እንጂ በአንድ ጊዜ በሚታዩ ቀለማት ብዛት ሱፐር ኒንቴንዶ በሰፊው ስለሚበልጥ፣ ፍጥነት ብቻውን አሳሳች ሆኖ አገኘሁት።

ቀጥሎ በቢት ብዛት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ በሚያስተናግደው የመረጃ መጠን፣ ሞከርሁ። በ1994 እ.ኤ.አ. በጃፓን ለገበያ የቀረበው ፕሌይስቴሽን 32 ቢት፣ በ1996 የተከተለው ኒንቴንዶ 64 ደግሞ ስሙ እንደሚያመለክተው 64 ቢት ነው። ሆኖም የፕሌይስቴሽን ሲዲ 650 ሜጋባይት ያህል ሲይዝ፣ የኒንቴንዶው ካርትሪጅ (ጌሙን የያዘው፣ ማሽኑ ላይ የሚሰካ ቁራጭ) ከ64 ሜጋባይት ስላላለፈ፣ ቪዲዮና የተቀዳ ሙዚቃ በብዛት ማካተት አስቸጋሪ ነበር፤ በአንጻሩ ካርትሪጁ ጌሙን ለመክፈት ብዙ አያስጠብቅም። በሽያጭ ፕሌይስቴሽን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሲደርስ፣ ተፎካካሪው 33 ሚሊዮን አካባቢ ቆሟል። በእኔ እምነት ግን ሽያጭ ስለ ማሽኑ ብቃት ብዙም አይናገርም።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ በአንድ ትውልድ (በተቀራራቢ ዘመን በተፎካከሩ ኮንሶሎች ምድብ) ውስጥ ሆነው በተለያየ ዓመት የወጡትን ማወዳደር ነው። የሴጋው ድሪምካስት በ1998፣ ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 ወጥተው ሳለ በአንድ ትውልድ ይመደባሉ። የሁለት ዓመት ልዩነቱን እንዴት ላስላው? የቀድሞውን ማሽን ሳልበድል የማወዳድርበትን መንገድ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ በምሳሌ አስረዱኝ።