የሰጋቱራና የሩዝ ገለፈት ብሎኬት፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ረቂቅ ላይ የቀረቡ አስተያየቶች

አስተባባሪ፦
ወገኖች፣ የጤፍ ጭድ ከረቂቁ ይውጣ የተባለው ተቀባይነት አግኝቷል። ጭድ የከብት መኖ ነው፤ ለጭቃ ምርጊትም ይፈለጋል፤ ከገበሬው ጋር አንሻማም። ለብሎኬቱ የቀሩን ጥሬ ዕቃዎች ሁለት ናቸው፦ የባሕር ዳር እንጨት ሥራ ቤቶች ሰጋቱራና የፎገራ ሩዝ ገለፈት፣ ከወረታ መፈልፈያዎች። ምርቱ ጭነት ለማይሸከም የውስጥ ግድግዳ ብቻ ነው። መሠረት፣ መታጠቢያ ቤትና ዝናብ የሚመታው ግድግዳ አይካተትም።

እንጨት ሥራ ክፍል፦
“ሰጋቱራው እንደመጣ ይቀላቀላል” የሚለው ይታረም። በባሕር ዛፍ ውስጥ ያለው ታኒንና ስኳር ሲሚንቶውን እንዳይጠነክር ይይዘዋል፤ ብሎኬቱ ቀናት ቆይቶም በጥፍር ይፋቃል። በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋ፣ በበርሜል 24 ሰዓት ይዘፍዘፍ። ውኃው እንደ ሻይ ከቀላ ተደፍቶ ይደገም፤ መጨረሻ ላይ ኖራ በተበጠበጠበት ውኃ ይታጠብ። መላጊያው የሚያወጣው ረጅሙ ፍቅፋቂ አይግባ፤ ብሎኬቱ ውስጥ ክፍተት ይፈጥራል። በኬሚካል ከተነከረ የመብራት ምሰሶ የወጣ ሰጋቱራ ደግሞ ፈጽሞ አይነካ፣ አርሴኒክ ሊኖርበት ይችላል። የቺፕውድና የኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) ብናኝም ሙጫ ስላለበት ለብቻው ይጠራቀም።

ብሎኬት ክፍል፦
ከሲሚንቶው ከፊሉን የሚተካው የሩዝ ገለፈት አመድ ላይ ልጨምር። ገለፈቱ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ ዙሪያው በተበሳ በርሜል ቀስ ብሎ ይቃጠል። ከዚያ በላይ ከጋለ በአመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካ ወደ ክሪስታል ይለወጥና ሲሚንቶው ከሚያወጣው ኖራ ጋር መዋሃዱን ይተዋል፤ አመድ ሳይሆን አሸዋ ጨመርን ማለት ነው። ግራጫ አመድ ጥሩ ነው። ጥቁር ከሆነ ያልነደደ ካርቦን አለበት፣ ውኃ ይጠጣል።

ሲሚንቶው ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ይሁን። ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ ከፋብሪካው ፖዞላን (እንደ አመዳችን ከኖራ ጋር የሚዋሃድ ዱቄት) ተጨምሮበት ስለሚመጣ፣ እኛ ደግሞ አመድ ስንደርብበት ጥንካሬው ይወርዳል። መነሻ ቅይጣችን በ50×40×18 ሳንቲ ሜትር ሳጥን ሲለካ፦ አንድ እጅ ማያያዣ፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ ሁለት እጅ የታጠበ ሰጋቱራ። ከ50 ኪሎው ማያያዣ 42.5 ኪሎው ሲሚንቶ፣ 7.5 ኪሎው አመድ ነው። ውኃው በዓይን አይገመት፤ ቅይጡ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን ይያዝ እንጂ ውኃ አይንጠብ። ሰጋቱራው እርጥብ ሆኖ ስለሚገባ፣ የተለመደውን ባልዲ ሙሉ ውኃ የሚጨምር ሠራተኛ ሁሌም ያበላሸዋል።

ሒሳብ ያዥ፦
የአመዱን ስሌት አየሁት። ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ 20 ኪሎ ገደማ ገለፈት፣ ከዚያም 4 ኪሎ ገደማ አመድ ይገኛል። ስለዚህ ለአንድ ከረጢት ማያያዣ የሁለት ኩንታል ሩዝ ገለፈት ያስፈልገናል። ገለፈት ቀላል ሆኖ ቦታ ይይዛል፤ አይሱዙ ሞልተን የምናጓጉዘው አየር ነው። ማቃጠያው ወረታ ይሁንና አመዱ ብቻ ይምጣ። ደግሞ ሰጋቱራን “በነፃ” ብላችሁ አትጻፉ። ለምድጃና ለዶሮ ቤት ይሸጣል፣ ፈላጊ ሲበዛ ዋጋው መውጣቱ አይቀርም።

አንድ አባል፦
ቺፕውድ ራሱን ብናመርትስ? ትርፉ ይሻላል።

ብሎኬት ክፍል፦
ወንድሜ፣ እሱ የጋለ ፕሬስ፣ ማድረቂያና ሙጫ ይፈልጋል። መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ ፕሬሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይበላሻል። በዚህ ካፒታል አይሞከርም።

አስተባባሪ፦
እንግዲህ ሙከራው እንዲህ ይጻፍ፦ አመዱ ከማያያዣው 0፣ 15 እና 25 በመቶ የሆነ ሦስት ቅይጥ። ከእያንዳንዱ አምስት ብሎኬት በ7ኛው፣ አምስት በ28ኛው ቀን ላብራቶሪ ገብቶ ይጨመቅ። ለግንባታ የሚውለው ብሎኬት 14 ቀን ውኃ ይጠጣ፣ ከዚያ በጥላ ይድረቅ። በእርጥቡ ከተገነባ ግድግዳ ላይ እንዳለ ይኮማተርና ልስኑ ይሰነጠቃል፤ ከኮንክሪት ምሰሶ ጋር በሚገናኝበት መስመርም ከልስኑ ሥር ወንፊት ሽቦ ይደረግ።

ያልተቋጨው የአመዱ መፍጫ ነው። የእህል ወፍጮ የሚለውን ሰርዙት፤ ሲሊካው ድንጋዩን ይበላዋል፣ ቀጥሎ የሚፈጨው ዱቄትም ይበከላል። በብረት ኳስ የሚፈጭ የሚሽከረከር በርሜል በ3 ፈረስ ጉልበት ሞተር ይሠራ እንደሆነ ብየዳ ቤቶቹ እስከ ዓርብ በዋጋ ይመልሱልን። የአቧራ ማስክ በጀቱም እዚያው ይግባ።